እንሴኖ ላይ ለሚቆም ሰርቨር የትኛው ይሻላል?

ለሰርቨር የትኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይሻላል የሚለው ጥያቄ አዲስ አበባ ላይ ሲጠየቅና እንሴኖ ላይ ሲጠየቅ መልሱ አይገናኝም። አዲስ አበባ ላይ ጠያቂው የባንክ ወይም የኢንሹራንስ ሰው ነው። ማሽኑ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ ራክሲዮ ወይም ዊንጉ ከከፈቱት ዳታ ሴንተር ቦታ ተከራይቶ ይቀመጣል፤ ጄኔሬተር፣ ማቀዝቀዣና ቀን ከሌት ተረኛ ባለሙያ አለው። እንሴኖን በመሰለች ከተማ ግን ሰርቨር የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከጠረጴዛ ስር ወይም ከፋይል መደርደሪያ ጎን የቆመ ተራ ዴስክቶፕ ነው። ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍሉን መዝገብ፣ ማዘጋጃ ቤት የቦታና የግብር ፋይሉን፣ ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን ውጤት፣ የበርበሬና የእህል ነጋዴ ሒሳቡን የሚያኖርበት እሱ ነው።

መሣሪያው ትንሽ ስለሆነ ጥያቄውም ትንሽ የሚመስላቸው አሉ። እኔ የተገላቢጦሽ ነው የምለው። በትልቅ ተቋም የተሳሳተ ምርጫ በገንዘብና በሰው ብዛት ይታረማል። ከቡታጅራ በስተደቡብ ምሥራቅ ባለችው እንሴኖ፣ አንድ የአይቲ ሠራተኛ ባለው ወይም ጭራሽ በሌለው ቢሮ፣ የተሳሳተ ምርጫ የሦስት ዓመት መዝገብ ከወረቀት እንደገና ማስገባት ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ ከተገኘ። ስለዚህ እዚህ ላይ ዊንዶውስንና ሊኑክስን ጎን ለጎን አቁሜ ነጥብ አልሰጥም። የዓለም መጽሔቶች ያንን ሲያደርጉ ሠላሳ ዓመታቸው ነው። የምጠይቀው የትኛው ፕሮግራም እንደሚሠራበት፣ ሲበላሽ ማን እንደሚመጣ፣ መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ነው። ዋጋው ከእነዚህ በኋላ ይመጣል፤ እሱም ቢሆን በተለምዶ ከሚታሰበው ለየት ባለ መንገድ።

በነገራችን ላይ ይህ አካባቢ ለመረጃ አያያዝ እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮጀክትን እ.ኤ.አ. በ1986 ሲጀምር፣ በያኔው መስቃንና ማረቆ ወረዳ ዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችንና አንድ የከተማ ቀበሌ መርጦ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት መመዝገብ ያዘ። ምዝገባው ለአሥርተ ዓመታት ቀጥሎ የብዙ ጥናት ምንጭ ሆኗል። ያን ጊዜ ዊንዶውስ የመጀመሪያው እትም ከወጣ ዓመት ገደማ ነበር፤ ሊኑክስ ሊጻፍ አምስት ዓመት ይቀረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ዶስ ሄዷል፣ ዊንዶውስ 95 ሄዷል፣ ኤንቲ ሄዷል፣ ኤክስፒ ሄዷል። የዚያ ዘመን ልደት መዝገብ ግን ዛሬም ይፈለጋል። መረጃ ከኦፐሬቲንግ ሲስተም በላይ ዕድሜ አለው። አንድን ሲስተም ስንመርጥ መረጃችን እንዴት እንደሚገባበት ብቻ ሳይሆን፣ አንድ ቀን እንዴት እንደሚወጣበትም ማየት ያለብን ለዚህ ነው።

ወደ ፕሮግራሙ እንምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ክርክር ሳይጀመር ያልቃል። ኢትዮጵያ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ሆኖ ፒችትሪን የማያውቅ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ባለቤቱ ሴጅ የተባለው ኩባንያ ስሙን ሴጅ 50 ብሎ ከቀየረው ከአሥር ዓመት በላይ ቢሆነውም እኛ ዘንድ ዛሬም ፒችትሪ ነው። ፒችትሪ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። በርበሬ የሚያከፋፍል ነጋዴ ሁለት የሒሳብ ሠራተኞች በአንድ ጊዜ የሚገቡበት ማሽን ከፈለገ ጉዳዩ እዚያው ተዘግቷል፤ ዊንዶውስ ነው። ወይን በተባለው መሸጋገሪያ ሊኑክስ ላይ አስነሳዋለሁ የሚል ጎበዝ ተማሪ አይጠፋም። ይነሳለትም ይሆናል። የግብር ማሳወቂያው ጊዜ ሲደርስና ፕሮግራሙ አልከፍት ሲል ግን ተማሪው ጉብሬ፣ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ፣ ዶርሙ ውስጥ ነው።

ለዚህ ነጋዴ ደግሞ ዊንዶውስ ሰርቨር የሚባለው እትም ጭራሽ ላያስፈልገው ይችላል። ተራው ዊንዶውስ 11 ፕሮ በአንድ ጊዜ እስከ ሃያ ግንኙነት ይቀበላል። ለሦስትና ለአራት ኮምፒውተር ይህ ተርፎ የሚተርፍ ነው። ሰርቨር ስለተባለ ብቻ የሰርቨር እትም መጫን አለበት ብሎ የሚያምን ቴክኒሻን ብዙ ነው፤ ደንበኛውን ለማያስፈልገው ወጪ ይዳርገዋል፣ ወይም ከዚያ የባሰውን፣ ክራክ የሚባለውን ፈቃዱ የተሰበረ ቅጂ ይጭንለታል።

የጤናው ነገር ከነጋዴው ይለያል። የጤና ሚኒስቴር የሪፖርት ሥርዓት አሁን ዲኤችአይኤስ2 ነው፤ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ፕሮግራም። የሚሠራው በጃቫና በፖስትግሬስ ዳታቤዝ ላይ ስለሆነ በብዙ አገር የሚጫነው ሊኑክስ ላይ ነው። ጤና ጣቢያው የሚያስፈልገው ግን ዋናውን ሰርቨር ማስተዳደር ሳይሆን ሪፖርቱን መላክ ነው፤ ለዚያ ብሮውዘር ያለው ማንኛውም ማሽን ይበቃዋል። በአንጻሩ የኤችአይቪ ሕክምና ክትትል የተመዘገበበት ስማርትኬር ዊንዶውስን የሚፈልግ ነው። ስለዚህ በአንድ ጤና ተቋም ውስጥ ሁለቱም ዓለም ጎን ለጎን ይኖራል፤ «ሁሉንም ወደ ሊኑክስ» ወይም «ሁሉንም ወደ ዊንዶውስ» የሚል መፈክር ይዞ የሚመጣ አማካሪ ካርድ ክፍሉን አላየውም ማለት ነው።

ትምህርት ቤት ሌላ ነው። ኢንተርኔቱ ደካማ በሆነበት ግቢ ኮሊብሪና ኪዊክስ የተባሉ ፕሮግራሞችን አንድ አሮጌ ማሽን ላይ ጭኖ፣ ከአንድ ዋይፋይ ጋር አያይዞ፣ ተማሪው ያለ ኢንተርኔት ትምህርቱንና ውክፔዲያን እንዲያነብ ማድረግ ይቻላል። ይህን ሊኑክስ ላይ መሥራት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሁለት ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ዕድሜ የጠገበ ዴስክቶፕም ይሸከመዋል። እዚህ ላይ ለዊንዶውስ ሰርቨር ላይሰንስ መክፈል ብክነት ነው ብዬ በድፍረት እናገራለሁ።

አሁን ዋጋውን እንየው። ዊንዶውስ ሰርቨር 2022 ስታንዳርድ ለ16 ኮር የወጣለት ይፋ ዋጋ 1,069 ዶላር ነው፤ ተከታዩ 2025 ደግሞ 1,176። ከዚህ በላይ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ወይም ኮምፒውተር ካል የሚባል ፈቃድ ይገዛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ስለነበር የመጀመሪያው ወደ 61 ሺህ ብር ይመጣ ነበር። ዶላር 100 ብርን ከተሻገረ በኋላ ያው ላይሰንስ ከ107 ሺህ ብር በላይ ሆነ። ሶፍትዌሩ ላይ አንዲት መስመር አልተጨመረም። የአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት በጀት ይህን እንዴት ይችለዋል? አይችለውም፤ ስለዚህ ክራክ ይጫናል።

ክራክን በሥነ ምግባር መውቀስ ቀላል ነው፤ ጉዳቱ ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። የተሰበረ ዊንዶውስ ሰርቨር የሚጫነው በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ከሚዞር ፋይል ወይም ከቴሌግራም ቻናል ነው። አክቲቬተር የተባለችው ትንሽ ፕሮግራም እንድትሠራ በመጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ ትላለች፤ ቀጥሎ በአድሚኒስትሬተር ሥልጣን አስነሱኝ ትላለች። ማንነቱን ለማናውቀው ሰው የቢሮውን ቁልፍ ሰጠነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አክቲቬሽኑ እንዳይጠፋ ተብሎ አፕዴት ይዘጋል። እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2017 ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ዓለምን ሲያዳርስ ማይክሮሶፍት መድኃኒቱን ካወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። የተመቱት አፕዴቱን ያልወሰዱት ናቸው። በፋይል ሼሪንግ የተያያዘ ቢሮ ውስጥ አንዱ ማሽን ሲያዝ ሌላው ይከተላል፤ ያን ጊዜ የተቆለፈው ፋይል የዜጋ የቦታ ካርታ ሊሆን ይችላል። ሕጋዊ ዊንዶውስ ሰርቨር ጥሩ ሲስተም ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ከሁሉም ምርጫዎች የመጨረሻው ግን ክራክ የተደረገው ዊንዶውስ ሰርቨር ነው፤ ከአሮጌ ሊኑክስም በታች፣ ከተራ ዊንዶውስ ፕሮም በታች።

ዕድሜም አለ። ዊንዶውስ ሰርቨር 2008 አር2 እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2020 ላይ፣ 2012ና 2012 አር2 ኦክቶበር 2023 ላይ የተለመደው ድጋፋቸው ተቋርጧል። 2016 እስከ ጃንዋሪ 2027፣ 2019 እስከ ጃንዋሪ 2029፣ 2022 እስከ ኦክቶበር 2031 ይቆያሉ። ያገለገለ ሰርቨር የሚገዛ ቢሮ ውስጡ ተጭኖ የመጣውን እትም ሳያይ ገንዘብ ባይከፍል ይሻለዋል።

ሊኑክስ በሚለው ስም የሚጠራው ደግሞ አንድ ነገር አይደለም። ሰርቨር ላይ በይበልጥ የሚታወቁት ቤተሰቦች ሁለት ናቸው፤ የሬድ ሃትና የዴቢያን። የሬድ ሃቱ ወገን ለረጅም ጊዜ በሴንትኦኤስ በኩል ነበር ወደ ድሃ አገር የሚደርሰው። ሴንትኦኤስ የሬድ ሃትን የሚከፈልበት ሲስተም ኮድ ወስዶ በነፃ የሚያቀርብ፣ አሥር ዓመት የሚደገፍ፣ ማንም የሚያምነው ነበር። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 8 ቀን 2020 ሬድ ሃት ድንገት መጥቶ፣ እስከ 2029 ይቆያል የተባለው ሴንትኦኤስ 8 በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ይቆማል አለ። ሴንትኦኤስ 7ም ጁን 30 ቀን 2024 አበቃ። ባህምኒ የተባለው የሆስፒታል ፕሮግራም ለዓመታት ይጫን የነበረው በሴንትኦኤስ ላይ ነው፤ ያንን የተከተለ ሆስፒታል ሁሉ መሠረቱ ከሥሩ ሲነሳበት አየ። ሮኪና አልማ የተባሉ ሁለት ተተኪዎች በ2021 ወጡ፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 ግን ሬድ ሃት የኮዱን በር ጠበብ ሲያደርግባቸው ሌላ ሰሞን ሁከት ሆነ። ኩባንያ በነፃ የሰጠውን ኩባንያ ይነሳል፤ ለወረዳ ቢሮ ሳስብ ከሬድ ሃት ወገን የምርቀውም ለዚህ ነው፣ ሌላ እንከን አግኝቼበት አይደለም።

ዴቢያን ባለቤት ኩባንያ የለውም። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በፈቃደኞች የሚሠራ ነው። ኡቡንቱ ከእሱ ላይ የተገነባ ሲሆን ካኖኒካል የተባለ ኩባንያ አለው። ኡቡንቱ በየሁለት ዓመቱ ኤፕሪል ላይ የሚያወጣውን ኤልቲኤስ የተባለ እትም አምስት ዓመት ይደግፋል፤ ዴቢያንም ከተጨማሪው የድጋፍ ጊዜ ጋር አምስት ዓመት ይደርሳል። በኢንተርኔት ላይ የሚገኘው መመሪያ፣ የዩቲዩቡ ትምህርት፣ የተማሪው ልምድ በአብዛኛው ኡቡንቱ ላይ ያተኮረ ነው፤ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ግን ለእንሴኖ እኔ ዴቢያንን አስቀድማለሁ፤ ምክንያቴም ኔትወርክ ነው። ሊኑክስ ፕሮግራም የሚጭነው ከኢንተርኔት ማከማቻ እየጎተተ ነው። ኔትወርክ ከሌለ «አፕት» የሚለው ትእዛዝ ዝም ብሎ ይቆማል። ጁን 30 ቀን 2020 በአገር አቀፍ ደረጃ ኢንተርኔት ሲዘጋ ለሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል፤ ከዚያ በፊትም በብሔራዊ ፈተና ሰሞን ተዘግቶ ያውቃል። ዴቢያን ጥቅሎቹን በትልልቅ የዲስክ ቅጂ ያቀርባል። ቅጂውን አዲስ አበባ ወይም ቡታጅራ ፈጣን መስመር ያለው ሰው አውርዶ፣ በውጭ ሃርድ ዲስክ ጭኖ፣ በሚኒባስ ይልከዋል፤ እዚህ ያለው ሰው ዲስኩን ሰክቶ ያለ አንዲት ሜጋባይት ዳታቤዙንም ዌብ ሰርቨሩንም ይጭናል። አፕዴቱንም በዚያው መንገድ ማምጣት ይቻላል። ዊንዶውስም ቢሆን አፕዴቱን ለብቻው አውርዶ መውሰድ ይፈቅዳል፤ ፋይሉ ግን በየወሩ እያበጠ በመቶዎች ሜጋባይት ከዚያም በላይ ይሄዳል። ኡቡንቱ ስናፕ የተባለውን የራሱን መጫኛ በራሱ ጊዜ ያድሳል፤ በካርድ በሚሞላ የሞባይል ዳታ ላይ ይህ ጥቅሉን ሳይታወቅ ይበላል። ሊዘጋ ይችላል፤ መዘጋቱን የሚያውቅ ሰው ካለ።

ፍሪቢኤስዲ የሚባል አለ። ዋትሳፕ በእሱ ላይ አድጓል፣ ኔትፍሊክስም ቪዲዮውን በእሱ ያሰራጫል። ጠንካራ ነው። የሚያውቀው ሰው ግን በአካባቢው ስለማይገኝ አልፈዋለሁ።

መብራት ላይ ሰፋ አድርገን እንቆይ። መብራት በድንገት ሲጠፋ ዲስኩ ላይ በግማሽ የተጻፈ ነገር ይቀራል። የሊኑክሱ ኤክስት4ም የዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስም ማስታወሻ እየያዙ ስለሚጽፉ አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸውን አስተካክለው ይነሳሉ። አንዳንዴ ግን እንቢ ይላል። ሊኑክሱ ጥቁር ስክሪን ላይ «ኢኒትራምኤፍኤስ» ብሎ ጽፎ፣ አጠገቡ አንዲት መስመር ብልጭ ድርግም እያለች ይጠብቃል። ያን ያላየ ሠራተኛ ደንግጦ ማሽኑን ያጠፋዋል፣ ያበራዋል፣ እንደገና ያጠፋዋል። መልሱ ግን አጭር ነው፤ ስክሪኑ ስሙን የሚነግረውን የዲስክ ክፍል «ኤፍኤስሲኬ» በሚባለው ትእዛዝ ማስፈተሽ፣ የሚጠይቀውን ሁሉ እሺ ማለት፣ ሲጨርስ «ኤግዚት» ብሎ መውጣት። ይህን በትልቅ ጽሕፈት አትሞ ከማሽኑ ጎን የለጠፈ ቢሮ አይቻለሁ፤ ብልህ ሰው ነው የሠራው። ዊንዶውሱ ደግሞ በሰማያዊ ስክሪን «አውቶማቲክ ሪፔር» እያለ ይዞራል፤ መልኩ ያጽናናል፣ ነገር ግን ምን እንደሆነ አይናገርም።

ከዚህ የሚያድነው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አይደለም፣ ገመድ ነው። ዩፒኤስ ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ ብዙ ጊዜ አንድ የዩኤስቢ ገመድ አብሮ ይመጣል። በየቢሮው ያ ገመድ በላስቲኩ እንደተጠቀለለ መሳቢያ ውስጥ ነው። ሥራው ባትሪው ሊያልቅ ሲል ለሰርቨሩ መንገርና በሥርዓት እንዲዘጋ ማድረግ ነው። ዊንዶውስ እንዲህ ዓይነቱን ዩፒኤስ ብዙውን ጊዜ እንደ ላፕቶፕ ባትሪ ሳይጠየቅ ያውቀዋል፤ ገመዱን መሰካትና በፓወር ሴቲንጉ ሲያልቅ ዝጋ ማለት ነው። ሊኑክስ ላይ ናት የሚባለውን ፕሮግራም ጭኖ ሁለት ሦስት ፋይል ማስተካከል ይጠይቃል። በዚህች ነገር ዊንዶውስ ይቀድማል፤ ሊኑክስ ወዳጆች ባይወዱትም እውነቱ ይኸው ነው።

በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪም አለች። እሷ ስታልቅ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳል። ኔትወርክ ከሌለ ሰዓቱን የሚያርመው የለም፤ ደረሰኙ በተሳሳተ ቀን ይመዘገባል፣ መስመሩ ሲመለስም ሰዓቱ እስኪታረም ድረ ገጾች «ሰርተፍኬቱ አይሠራም» እያሉ ይዘጋሉ። ሠራተኛው ኔትወርክ ተበላሸ ብሎ ቴሌ ይደውላል። ርካሽ ባትሪ ናት።

የፊደላችን ጉዳይ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይልቅ በዳታቤዙ ላይ ነው የሚወድቀው፤ ነገር ግን ሲስተም ሲመረጥ አብሮ ስለሚመረጥ አላልፈውም። የማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ፕሮግራመሩ የስም ዓምዱን በተለመደው «ቫርቻር» ዓይነት ከፍቶት ከሆነ «አየለች» ተብሎ የገባው ስም ተመልሶ ሲወጣ «????» ነው። አራት ፊደል፣ አራት የጥያቄ ምልክት። ስሙ የተደበቀ አይደለም፣ ጠፍቷል፤ ማንም ባለሙያ አይመልሰውም። «ኤንቫርቻር» ማለት ነበረበት፤ በትእዛዙም ውስጥ ከስሙ ፊት አንዲት ኤን ያስፈልጋል። ፖስትግሬስ በሊኑክስ ላይ ሲጫን እንደተለመደው በዩቲኤፍ8 ከተከፈተ ይህ ጣጣ የለበትም።

ለጉራጌ አካባቢ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ባለሙያ ብዙም አያስታውሰውም። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ በ2021 የወጣው ዩኒኮድ 14 ለጉራጊኛ አጻጻፍ የሚያስፈልጉ 28 ፊደላትን በአዲስ ክፍል ጨመረ። የተቀመጡበት ቦታ ከቀደሙት ራቅ ያለ ስለሆነ እያንዳንዳቸው በዩቲኤፍ8 አራት ባይት ይወስዳሉ፤ «ለ» ወይም «መ» ሦስት ነው የሚወስደው። ማይኤስኪውኤል በድሮ እትሞቹ «ዩቲኤፍ8» እያለ የሚጠራው ዓይነት ከሦስት ባይት በላይ አይቀበልም። ስለዚህ አማርኛው በትክክል ይገባል፣ ተፈትኖም ያልፋል፤ በኋላ አንድ ሰው የጉራጊኛ ስም ወይም የቦታ መጠሪያ በአዲሶቹ ፊደላት ሲያስገባ መስመሩ ይቆረጣል ወይም ስህተት ይላል። መድኃኒቱ «ዩቲኤፍ8 ኤምቢ4» የሚለውን መምረጥ ነው፤ ከማይኤስኪውኤል 8 ጀምሮ ይኸው ሳይጠየቅ ይመጣል። አሮጌ እትም ላይ የተጫነ የልደት ወይም የቦታ መዝገብ ያለው ቢሮ አሁኑኑ ቢያስፈትሽ መልካም ነው። ፎንቱ የተለየ ችግር ነው፤ ኮምፒውተሩ ፊደሉን ሣጥን አድርጎ ቢያሳየውም መረጃው ውስጡ እስካለ ድረስ አይጠፋም።

ሲበላሽ ማን ይመጣል? ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በሃርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪሲንግ ሠልጥኖ፣ ሲኦሲ ተፈትኖ የሚወጣው ወጣት እጁ የለመደው በአብዛኛው ዊንዶውስ ነው፤ አክቲቭ ዳይሬክተሪ፣ ዲኤችሲፒ፣ ፋይል ሼሪንግ። ሊኑክስን ከዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ታገኛለህ፤ ያ ተማሪ ግን ተመርቆ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ይህ ለዊንዶውስ የሚቆም ትልቁ ክርክር ነው፤ ከሁሉም የሚከብደኝም እሱ ነው።

በሌላ በኩል የሄደው ልጅ ከአዲስ አበባ ሆኖ ሊረዳ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሊኑክስ ይቀልለዋል። በኤስኤስኤች የሚደረግ ጥገና ጽሑፍ ብቻ ስለሚያስተላልፍ በተልፈሰፈሰ የሞባይል መስመር፣ ከስልክ ላይ እንኳ ይሠራል። ዊንዶውስን በሪሞት ዴስክቶፕ ወይም በኤኒዴስክ ለመጠገን የስክሪን ምስል መጎተት አለበት፤ መስመሩ ሲደክም አይጡ አንድ ቦታ ላይ ይደርቃል። ግን ርቀት የማይፈታው ቀን ይመጣል። ጁላይ 19 ቀን 2024 የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያው ክራውድስትራይክ የላከው የተበላሸ አፕዴት ወደ 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖችን ሰማያዊ ስክሪን ላይ ሲያቆም፣ ብዙዎቹን ለማዳን ሰው በአካል ሄዶ በሴፍ ሞድ አስነስቶ አንዲት ፋይል ማጥፋት ነበረበት። ሊኑክስም ከክፉ አያመልጥም፤ በዚያው ዓመት ማርች ላይ ኤክስዜድ በተባለ ትንሽ ፕሮግራም ውስጥ የተቀበረ የኋላ በር የተገኘው፣ አንድ ኢንጂነር የኤስኤስኤች መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አስገርሞት ስለቆፈረ ነው። በነገራችን ላይ ሰውየው የማይክሮሶፍት ሠራተኛ ነበር።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የፓስወርድ ነገር ነው። የአይቲ ሠራተኛው ዝውውር ያገኛል፣ ይሸኛል፣ ሽኝቱም ያምራል። ከወር በኋላ ሰርቨሩ ይጠይቃል፤ ቃሉን የሚያውቅ የለም። የማሽን ርክክብ ቅጽ ላይ ወንበርና ጠረጴዛ በቁጥር ተጽፎ የሩት ወይም የአድሚኒስትሬተር ቃል ግን አይጻፍም። በታሸገ ፖስታ ከኃላፊው ካዝና ይቀመጥ።

ሰርቨሩን ጭራሽ አለማቆምም አንድ ምርጫ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ ብሎ የሚያከራየው አለ፤ የመብራቱም የዲስኩም ጭንቀት ለእነሱ ይሆናል። ለነጋዴ ድረ ገጽ ወይም ለኢሜይል ይህ ይሻላል። ለካርድ ክፍል ግን አይሆንም። መስመር በተቋረጠ ቀን በሽተኛ ካርዱ አልተገኘም ተብሎ አይመለስም። ዋናው መዝገብ እዚሁ፣ ቅጂው ደመና ላይ ቢሆን ይሻላል፤ ቅጂውን ማታ ማታ የሚልክ ትንሽ ስክሪፕት ሊኑክስ ላይ በጥቂት መስመር ይጻፋል።

ሁለቱንም ዓለም ለሚፈልግ እንደ ጤና ጣቢያ ላለ ቦታ እኔ የምመክረው ፕሮክስሞክስን ነው። ዴቢያን ላይ የተሠራ፣ በነፃ የሚገኝ፣ በአንድ ማሽን ውስጥ ሌሎች ማሽኖችን የሚያኖር ሲስተም ነው። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ቪኤምዌር፣ ብሮድኮም ከገዛው በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ነፃ እትሙን ማቆሙ ብዙ ሰው ወደዚህ አምጥቷል፤ በኋላ ቢመልሰውም እምነቱን አልመለሰም። ስማርትኬር የሚፈልገው ዊንዶውስ በአንዱ ውስጥ፣ ሊኑክሱ በሌላው ውስጥ ይቀመጣል። አፕዴት ከመደረጉ በፊት ስናፕሾት ይነሳል፤ ከተበላሸ በደቂቃ ወደ ትናንቱ ይመለሳል። ሙሉው ማሽን አንድ ፋይል ሆኖ በሃርድ ዲስክ ቡታጅራ ሊቀመጥም ይችላል። ለእንዲህ ያለ ሥራ ቢያንስ 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ይኑር እላለሁ፤ ያ ከሌለ አይጀመር።

የጊዜው ነገር ቀርቷል። ሲስተም የሚቀየረው ዕቃው በተገዛ ቀን ከሆነ ብዙ ጊዜ ሰኔ ላይ ይውላል፤ በጀት እንዳይመለስ ግዢው የሚጣደፈው ያን ጊዜ ነውና። ከዚያ የከፋ ወር የለም። ፋይናንስ በሰኔ 30 ዓመቱን ይዘጋል፣ ክረምቱ ይገባል፣ ነጋዴው ከሐምሌ 1 ጀምሮ ግብር ላይ ነው፤ የ«ሀ» ግብር ከፋዮች ደግሞ እስከ ጥቅምት 30 ድረስ እፎይታ የላቸውም። የተገዛው ማሽን በካርቶኑ ይቆይ። ኅዳር ሲገባ፣ የጤና ተቋም ከሆነ ወሩን በ20 ዘግቶ ሪፖርቱን በላከ ማግሥት፣ አሮጌው ሳይነካ አዲሱ ጎን ለጎን ይተከላል። አንድ ወር ሁለቱም ይሠራሉ። የወሩ ድምር በሁለቱም እኩል ከመጣ አሮጌው ይጠፋል፤ ካልመጣ አዲሱ ይጠፋና ምክንያቱ ይፈለጋል።